ፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች፦ የልጄን አስጠኚ ላመስግንላችሁ

የልጄን አስጠኚ በአደባባይ ሳላመሰግን ዓመቱ እንዲያልቅ አልፈለግኩም። ልጄ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ሒሳብም ባዮሎጂም አይከብዳትም። ፊዚክስ ላይ ግን፣ በተለይ ኤሌክትሪክና ማግኔት ሲመጣ፣ ወርክሺቱን ዘርግታ ታለቅስ ነበር። አሁን ብቻዋን ቁጭ ብላ ትሠራለች። ሲያቅታትም የቱ ጋ እንዳቃታት ታውቃለች።

እዚህ ያደረሰቻት አንዲት ወጣት ናት። የተመረቀችው በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደች ታስጠናለች። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። ለምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር እንድነግራችሁ ፈቅዳለች። ዛሬ የምጽፈው እንዴት እንደምታስጠና ነው። እሷን ባታገኙ እንኳ ሌላ አስጠኚ ስትመርጡ ምን ማየት እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል።

ከእሷ በፊት ሌላ አስጠኚ ነበረን። የቤት ሥራውን ሁሉ ይሠራላት ነበር። ደብተሯ በትክክለኛ መልስ ተሞላ፣ ፈተና ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። ይቺኛዋ እርሳስ አትይዝም። እርሳሱ ሁልጊዜ ልጄ እጅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀን ያነሱት ጥያቄ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ሁለት ቻርጆች አሉ፤ አንዱ +4 ማይክሮ ኩሎምብ፣ ሌላው +1 ማይክሮ ኩሎምብ። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። የኤሌክትሪክ ፊልዱ፣ ማለትም ሁለቱ ቻርጆች እዚያ ቦታ በሚቀመጥ ሌላ ቻርጅ ላይ የሚያሳድሩት ግፊት፣ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው? ልጄ እንደ ልማዷ ወዲያው ፎርሙላውን ጻፈች። የፎርሙላውን ቋሚ ቁጥር፣ 9 ሲባዛ 10 ከፍ 9፣ አለችና ካልኩሌተሯን አነሳች። አስጠኚዋ፣ “ቆይ፣ ካልኩሌተሩን አስቀምጪው። መጀመሪያ ሥዕሉን ሳዪልኝ” አለቻት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብናስቀምጥ እያንዳንዱ ወዴት ይገፋዋል? ልጄ ቀስቶቹን መሳል ጀመረች። ከሁለቱ ውጪ፣ በግራም ሆነ በቀኝ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉታል። እዚያ መጣፋት አይችሉም። በመካከላቸው ሲሆን ግን ተቃራኒ ይገፋሉ። ስለዚህ ቦታው መካከል ላይ ነው። ለየትኛው ይቀርባል? ትልቁ በኃይል ስለሚገፋ ከእሱ ራቅ፣ ወደ ትንሹ ጠጋ ማለት አለበት። ልጄ ይህን ሁሉ ያለ አንድ ቁጥር ደረሰችበት። ሒሳቡ ሲመጣ ያ ትልቁ ቁጥር ከሁለቱም ወገን ተሰረዘ። 4 እጥፍ የሆነ ቻርጅ 2 እጥፍ ርቀት ላይ ሲሆን ይመጣጠናል፣ ምክንያቱም ፊልዱ የሚቀንሰው በርቀቱ ስኩዌር ነው። መልሱ ከትልቁ 20፣ ከትንሹ 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ።

እዚያ ላይ አላቆመችም። “አሁን ትንሹን ኔጋቲቭ አድርጊው” አለቻት። ልጄ ቸኩላ “እዚያው መካከል ነው” አለች። “ቀስቶቹን ሳዪና ንገሪኝ።” ስትስል መካከል ላይ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ሆኑ። ዜሮው ወደ ውጪ ወጣ፣ ከትንሹ ቻርጅ ባሻገር 30 ሴንቲ ሜትር ላይ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ልጄ “ቲቸር፣ ገባኝ!” ስትል ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ፊዚክስ ላይ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላው የምወድላት ነገር፣ ስህተትን በዓይነት በዓይነት ትለያለች። ደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ አዘጋጅታላታለች። ልጄ የተሳሳተችውን ሁሉ እዚያ ትጽፋለች፣ ከነምክንያቱ። ማይክሮውን ወደ 10 ከፍ ኔጋቲቭ 6 አለመቀየር። ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር ሳይለውጡ ስኩዌር ማድረግ፤ 30 ሴንቲ ሜትር 0.3 ሜትር ነው፣ ስኩዌሩም 0.09። ፊልድን እንደ ተራ ቁጥር መደመር። ይህኛው ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ፊልድ አቅጣጫ ስላለው በቀስት ይደመራል። ፖቴንሻል (ለእያንዳንዱ ኩሎምብ ቻርጅ የሚደርሰው ኢነርጂ) ግን አቅጣጫ የለውም፤ ከነምልክቱ በቀጥታ ይደመራል። ልጄ ሁለቱን ታቀላቅል ነበር። አሁን አንድ ነጥብ ላይ ፖቴንሻሉ ዜሮ ሆኖ ፊልዱ ዜሮ ላይሆን እንደሚችል ለእኔ ታስረዳኛለች።

ሰርኪት ላይ ደግሞ ከረንትና ቮልቴጅ የሚሰላበት የኪርኾፍ ሕግ ነበር የሚያስፈራት። ከረንቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ እንዴት ልጀምር ትላለች። አስጠኚዋ፣ “ደስ ያለሽን አቅጣጫ ምረጪ፣ ከመረጥሽ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሪው” ብላ መለሰችላት። መልሱ ኔጋቲቭ ከወጣ ከረንቱ በተቃራኒው ይሄዳል ማለት ብቻ ነው። ልጄ ኔጋቲቭ ባየች ቁጥር ገጹን በሙሉ ታጠፋ ነበርና ይህቺ አንዲት ነገር ብዙ ጭንቀት ቀነሰችላት።

ስለ ምጣዱ ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ቀን መብራቱ ደክሞ እንጀራው አልበስል ብሎኝ እያማረርኩ ነበር። አስጠኚዋ ያንን ሰምታ እዚያው ጥያቄ አደረገችው። የምጣዱ ሬዚስታንስ 16 ኦም ነው እንበል። ቮልቴጁ 220 ሲሆን ፓወሩ ስንት ነው? 180 ሲሆንስ? ልጄ ቮልቴጁን ስኩዌር አድርጋ ለ16 አካፈለች። በ220 ቮልት 3025 ዋት፣ በ180 ቮልት 2025 ዋት። “ቮልቴጁ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አልቀነሰም፣ ሙቀቱ ግን ሲሶው ሄደ። ለምን?” ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ “ቮልቴጁ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮ ይቀንሳል። ፓወር የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተጎዳ” አለች። ከ13.75 አምፒር ወደ 11.25 መውረዱንም አስልታ አሳየችን። እንጀራ ስጋግር የኖርኩበትን ነገር ልጄ በቁጥር አስረዳችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ማግኔት ላይ ሲደርሱ በቦርሳዋ የመዳብ ሽቦ ኮይል፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔትና ባለ መርፌ ቴስተር ይዛ መጣች። ማግኔቱን ወደ ኮይሉ ሲያስጠጉት መርፌው ወደ አንድ ጎን ዘለለ። ሲያርቁት ወደ ሌላው። ዝም ብለው ሲያስቀምጡት ዜሮ። ልጄ ማግኔቱ ካለ ከረንት አለ ብላ ነበር የምታስበው። አሁን ከረንቱን የሚያመጣው የፍላክሱ፣ ማለትም በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፊልድ መጠን፣ መለወጥ እንደሆነ በዓይኗ አየች። ፋራዳይም እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ይኸው ነው ብላ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ የዚህን ከረንት አቅጣጫ የሚናገረውን የሌንዝ ሕግ በቃል ማጥናት አላስፈለጋትም፤ የመርፌውን መገለባበጥ ታስታውሳለች።

ማግኔት የሚንቀሳቀስ ቻርጅን ወዴት እንደሚገፋ በጣት በሚያሳየው የቀኝ እጅ ሕግ ላይም አስጠኚዋ አንድ ጥብቅ ደንብ አላት። መጀመሪያ ቻርጁ ፖዘቲቭ ነው ብለሽ በእጅሽ አቅጣጫውን አግኚ፣ ኤሌክትሮን ከሆነ በመጨረሻ ገልብጪው። ልጄ ፈተና ላይ እጇን አዟዙራ ስትሠራ ይታየኛል።

በሁለት ጥናት መካከል ደግሞ ፌት (PhET) የሚባለውን የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽን ታሠራታለች። ነፃ ነው። ስልክ ላይ ባትሪ፣ አምፑልና ሽቦ እየቀጠሉ ሰርኪት ይሠሩበታል። አውርዶ ያለ ኢንተርኔትም መጠቀም ስለሚቻል ኔትወርክ ሲጠፋ አይቸግርም። አስጠኚ መቅጠር ለማትችሉ ወላጆችም ይህን እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ።

አሁን ልትሰሙት የሚገባውን ልንገራችሁ። የቤት ሥራ ሠርታ የምትሰጥ አስጠኚ ከፈለጋችሁ እሷ አትሆናችሁም። ፈተና ነገ ነው ብላችሁ ዛሬ ብትደውሉላት አትመጣም። መጀመሪያ ሰሞን የልጃችሁ የቤት ሥራ ከወትሮው ዘግይቶ ሊያልቅ ይችላል፣ ምክንያቱም አንዱን ጥያቄ ሦስት መልክ ታሲዘዋለች። እኔም መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር፤ ታገሡ። የምትይዛቸው ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ አስቀድማ ትነግራችኋለች፣ በመሀል አትጨምርም። ሰዓቷን ታከብራለች። የምትቀር ከሆነ ቀደም ብላ ትደውላለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምታስረዳው በአማርኛ ነው፣ ልጁ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንደዚያ ስለሚመጣ። ለእኔ ቤት ይህ በጣም ጠቅሟል።

አንቺ የልጄ አስጠኚ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን ሳትሰለቺ፣ ሳትቆጪ፣ ስትሳሳት ፊትሽን ሳታጠቁሪ አስተምረሽልኛል። እናትሽንም አመስግኚልኝ።

ልታገኟት የምትፈልጉ ወላጆች፣ የልጃችሁን ክፍልና የምትኖሩበትን ሰፈር ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ለመጀመሪያው ቀን የልጁን አሮጌ የፈተና ወረቀቶች አዘጋጁላት። የተሳሳተባቸውን ነው አስቀድማ ማየት የምትፈልገው።