15 ዋት ይበቃል ወይ? ከፓዮነር ኤስኤክስ-450 ጋር የከረምኩባቸው ወራት

"15 ዋት ብቻ? ያውም በዚህ ግዝፈቱ?" ሬዲዮንና ድምፅ ማጉያን (አምፕሊፋየርን) በአንድ ሳጥን የያዘውን የድሮ ሪሲቨሬን ሲያይ፣ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። አይፈረድበትም፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ብሉቱዝ እስፒከር ካርቶኑ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎበት ነው የሚመጣው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ግን አምራቹ የአምፕሊፋየሩን ኃይል ሲያስተዋውቅ፣ ሁለቱም ቻናሎች (የግራውና የቀኙ ድምፅ) አንድ ላይ ሳያቋርጡ የሚሰጡትን ዋት ከድምፅ መዛባቱ መጠን ጋር መግለጽ ነበረበት። የዚህ ሪሲቨር 15 ዋት ያ ዓይነቱ ዋት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የድምፅ ቁልፉን ከግማሽ አሳልፌው አላውቅም። ጎረቤትም አለ።

ኤስኤክስ-450 በ1976 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከወጡት የፓዮነር ሪሲቨሮች ትንሹ ነው። ታላቁ ኤስኤክስ-1250 በቻናል 160 ዋት ይሰጣል፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙትም እሱን ነው። ኪሱ ጠበብ ያለ ሰው የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም የሚያሳድደውን ትቶ የዚያኑ ቤተሰብ ታናሽ መፈለግ። ያው ብርማ ፊት፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት በራሱ የሚንሸራተት ያው ከባድ የጣቢያ መፈለጊያ አለው። እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚለቅ ቤተሰብ ዕቃውን ሲሸጥ በ80 ዶላር ገዝታ፣ ልብስ ጠቅልላበት በ23 ኪሎው ሻንጣ አመጣችልኝ።

አዲስ አበባ ሲገባ ወጪው ገና መጀመሩ ነው። ከኋላው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ አበቃለት። ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ ሲገዛም ዕቃው ከሚፈልገው ቢያንስ እጥፍ የሚችለውን መውሰድ ይሻላል። አንዳንድ የዚያን ዘመን ሪሲቨሮች ከኋላቸው ቮልት መምረጫ ስላላቸው፣ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ብር ከመላኩ በፊት የጀርባውን ፎቶ ይጠይቅ።

ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሪሲቨሩ በዚህ ብዙም አይቸገርም፣ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ። ሸክላ ማጫወቻ ላይ ግን ጉድ ይፈላል። በላስቲክ የሚዞሩት ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ለ60 የተሠራው 50 ላይ ሲውል በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል፤ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይሆናል፣ ትዝታው ለቅሶ ቤት ይገባል። እኔ የወሰድኩት ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለውን፣ ያለ ላስቲክ በሞተሩ በቀጥታ የሚዞረውን ዓይነት፣ ቴክኒክስ ኤስኤል-ዲ2ን ነው። የዲሲ ሞተርና የራሱ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ስላለው 50 ሆነ 60 ግድ አይሰጠውም።

ሪሲቨሩ እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ያየው መርካቶ፣ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍተው ውስጡን በባትሪ ሲያዩ ቆዩና "ማነው የነካካው?" አሉኝ።

"ማንም አልነካውም ጋሼ፣ እንደመጣ ነው።"

"እሰይ! ከተነካካ ጤነኛ ያልተነካካ በሽተኛ ይሻለኛል።"

ከዚያ የድሮውን ባለ ክር የ100 ዋት አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብተው አበሩት። አምፖሉ ቦግ አለና ወዲያው ደበዘዘ። እንደ ቦገገ ቢቀር ኖሮ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነበር፤ ያኔ አምፖሉ ጭነቱን በራሱ ላይ ወስዶ ዕቃውን ከመቃጠል ያተርፈዋል። የዕድሜ ነገር ነውና ቁልፎቹ ሲዞሩ ይንኮሻኮሹ ነበር፤ የኮንታክት ማጽጃ እየነፉ ደጋግመው ሲያዞሯቸው መንኮሻኮሹ ቀረ። የደከሙ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) እና የጣቢያ ቁጥሮቹን ከሚያበሩት አንድ የተቃጠለ አምፖል ተቀየሩ። ትራንስፎርመር፣ ጥገናና የማጫወቻው መርፌ ሲደመሩ ከሪሲቨሩ ዋጋ በልጠዋል፤ 80 ዶላር አለኝ ብሎ የሚነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

መርፌው ላይ መቆጠብ አይገባም። ያለቀ መርፌ ሸክላ ይበላል። አባቴ ካስቀመጣቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች መካከል በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሸክላ አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስ ጥቂቶች አሉበት፤ ዛሬ የውጭ ሰብሳቢ የሚያድናቸው ናቸው። ሪሲቨሩ ፎኖ የሚባል የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ስላለው፣ ማጫወቻው ሌላ ማጉያ ሳያስፈልገው ቀጥታ ይገናኛል። ከስልክ ስሰማው የማላስተውለው የቤዝ ጊታሩ አካሄድ አሁን ለብቻው ይወጣል፣ ሳክስፎኒስቱ ትንፋሽ ሲስብም ይሰማል። የሸክላው ጭረትም አብሮ ይሰማል፣ መቼም።

ብዙ ጊዜ የማዳምጠው ግን ሬዲዮውን ነው። የአሜሪካ ኤፍኤም እንደ እኛው ከ88 እስከ 108 ስለሆነ ምንም አይጎድልም። የቲ ቅርጽ ያለውን የሽቦ አንቴና መጋረጃው ዘንግ ላይ ዘርግቼ ሸገር 102.1 ጥርት ብሎ ይገባልኛል።

እስፒከሮቹን እዚሁ ከአገር ከሚወጣ ሰው ገዛሁ። ምክሬ አጭር ነው፦ ጨርቁን አንስታችሁ የኮኑን (ድምፅ ሲወጣ የሚርገበገበውን ክፍል) ዙሪያ በጣት ንኩት፤ ስፖንጁ ከፈረፈረ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

የማይመቸው ነገርም አለ። ሪሞት የለውም። ስልክ ለማገናኘት ኬብል አውጥቶ ኦክስ የሚባለው የሌላ ዕቃ መግቢያ ላይ መሰካት ነው። መብራት ሲሄድ ቶሎ እነቅለዋለሁ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ሳልጠብቅ አልሰካውም። እማዬ ደግሞ ሳሎን ገብታ ባየችው ቁጥር ዳንቴል ታለብሰዋለች። "አቧራ እንዳይገባው ነው" ትላለች። "የሚተነፍስበት እኮ ነው እማዬ፣ ይታፈናል" ብዬ ብዙ ከተከራከርን በኋላ ዳንቴሉ ወደ እስፒከሮቹ ተዛወረ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ድምፁን በጣም ዝቅ ሳደርገው የግራው ቻናል አንዳንዴ ይጠፋና የባላንስ ቁልፉን ነካ ሳደርገው ይመለሳል። ጋሼ "ክረምቱ ሲወጣ አምጣው፣ ቁልፉን ፈትተን እናጥበዋለን" ብለውኛል።