ፋርምቪል ያለው የሞተን ሙዚየም፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ (5 ከ 5)

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ልጆቻችሁ ፐብሊክ ስኩል የሚማሩ ከሆነ ይቺን ሪቪው እስከ መጨረሻው አንብቧት። ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ፋርምቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እዚያ ነው የሮበርት ሩሳ ሞተን ሙዚየም ያለው። መግቢያው ነፃ ነው፣ መርዳት የፈለገ ይረዳል። ስለ ሲቪል ራይትስ፣ ስለ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል ማለት ነው፣ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ዶክተር ኪንግ፣ ሞንትጎመሪ፣ ሰልማ ነው፣ ልክ ነው፣ ግን ለኛ ለወላጆች ከሁሉም የሚቀርበው ታሪክ ይሄ እዚሁ ስቴታችን ውስጥ ያለው የጥቁር ተማሪዎች አድማ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ክርክሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ራሱ ይኑር ወይስ አይኑር እስከሚለው ድረስ ነው የሄደው።

ሙዚየሙ የተሠራው የድሮው የሞተን ሃይስኩል ውስጥ ነው፣ ሕንፃው ራሱ ያው ነው። በ1939 ለ180 የጥቁር ተማሪዎች ታስቦ ነው የተሠራው፣ በ1951 ግን ከ450 በላይ ልጅ ነበር የሚማርበት። ጂም የለው፣ ካፌቴሪያ የለው፣ የነጮቹ ሃይስኩል ግን ሁሉም ነበረው። ወላጆች አዲስ ትምህርት ቤት ይሠራልን ብለው ሲወተውቱ ካውንቲው ያደረገው ነገር ግቢው ውስጥ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት የተሸፈኑ ክፍሎች ማቆም ነው። ሰው የዶሮ ቤት ነበር የሚላቸው። ዝናብ ሲመጣ ያፈሳሉ፣ ክረምት ላይ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ላብ በላብ ይሆናል፣ ጥግ ላይ ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል።

አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ቀስ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ አትቸኩሉ። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 ባርባራ ጆንስ የምትባል የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ የተማሪዎቹን አድማ ያስጀመረችው እዚያች መድረክ ላይ ቆማ ነው። ነገሩን ከጓደኞቿ ጋር በምስጢር ነው ያቀዱት፣ ዳይሬክተሩን ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ችግር ላይ ናቸው ብለው በስልክ ከግቢ አስወጡት፣ ከዛ በሱ ስም ሁሉም አዳራሽ ይግባ የሚል ወረቀት ለየክፍሉ በተኑ፣ መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የቆመችው እሷ ናት፣ አስተማሪዎቹ እንዳይባረሩ ብላ ይውጡልን አለች፣ ከዛ ተማሪው ሁሉ ተከትሏት ወጣ። ሁለት ሳምንት ክፍል አልገቡም። አብራኝ የሄደችው የእህቴ ልጅ እሷም አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚያ የሚያሳዩት ፊልም ካለቀ በኋላ ‹‹ማንም ትልቅ ሰው ሳያግዛቸው?›› ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ማንም፣ ቀጥሎ ግን ሬቨረንድ ፍራንሲስ ግሪፊን የሚባሉ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ከጎናቸው ቆሙ።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ብቻ ነበር። ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ድርጅት የኤን ዶብል ኤ ሲፒ ጠበቆች ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ሲመጡ ግን ጥያቄያችሁ ተለያይቶ መማሩ ራሱ ይቅር የሚል ከሆነ ነው የምንይዘው አሏቸው፣ ወላጅና ልጅ ተሰብስቦ ተስማማ። በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ተመሠረተ። ሁላችንም በስም የምናውቀው ብራውን ቨርሰስ ቦርድ ኦፍ ኤጁኬሽን የአምስት ክሶች ጥቅል ነው፣ ከአምስቱ በተማሪዎች አድማ የጀመረው የፋርምቪሉ ብቻ ነው። ዋጋ ከፍለውበታል፣ ዳይሬክተሩ ሥራውን አጣ፣ ባርባራን ቤተሰቦቿ ለደህንነቷ ፈርተው አላባማ አጎቷ ጋ ላኳት። በትምህርት ቤት ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ የመጣው ሜይ 17 ቀን 1954 ነው።

አሁን ዋናው ጋ መጣሁ፣ ብዙ ሰው ታሪኩ 1954 ላይ በድል ያለቀ ይመስለዋል፣ ሙዚየሙን የምወድለት ከዛ በኋላ ያለውን ሳይሸፍን ስለሚያሳይ ነው። በ1959 ፍርድ ቤት ቀላቅላችሁ አስተምሩ ብሎ መውጫ ሲያሳጣቸው የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ባለሥልጣናት ለትምህርት ቤቶቹ በጀት አንመድብም አሉ። አለቀ። የካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤት በሙሉ ተዘጋ፣ አምስት ዓመት፣ እስከ 1964! ለነጭ ልጆች ፕሪንስ ኤድዋርድ አካዳሚ የሚባል ፕራይቬት ወዲያው ተከፈተላቸው፣ ለክፍያውም ከስቴቱ የትምህርት ድጎማ፣ ከካውንቲው የታክስ ቅናሽ መጣላቸው። ወደ 1,700 የሚሆኑ ጥቁር ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ። ዘመድ ያለው ወደ ሌላ ካውንቲ ወይም ስቴት ተላከ፣ አንዳንዱን ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ድርጅት ሌላ ስቴት ቤተሰብ ጋ አስቀመጠው፣ አንዳንዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ፊደል ቆጠረ፣ ብዙው ግን እርሻ ላይ ዋለ። ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ሊጀምር የነበረ ልጅ አስራ ሁለት ዓመቱ ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልገባም ማለት እኮ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ይሄን ሳስብ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ ልጁን ለማስተማር ብሎ አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ለጥቁሮቹም ፕራይቬት እንክፈትላችሁ ተብለው ነበር። ልጆቻቸው ቤት ተቀምጠው፣ ዓመቱ እየሄደ፣ ወላጆቹ እምቢ አሉ። ቢቀበሉ ክሱ ይሞታል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትም የሁሉም መሆኑ ይቀራል። ይሄንን ውሳኔ የወሰኑት እርሻ ላይና በሰው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ከነሱ የበለጠ ለፐብሊክ ኤጁኬሽን የቆመ ሰው አላውቅም። በ1963 በኬኔዲ አስተዳደር ድጋፍ ፍሪ ስኩልስ የሚባሉ ጊዜያዊ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ በሜይ 1964 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግሪፊን ቤተሰብ ስም በተያዘው ክስ የካውንቲው ባለሥልጣናት ታክስ ሰብስበው ትምህርት ቤቶቹን እንዲከፍቱ ዳኛው ሊያዛቸው ይችላል ብሎ ወሰነ። ታክስ ነው ያለው፣ ልብ በሉ።

ለዚህ ነው ለኛ ኮሚኒቲ የምጽፈው። እኛ ቤት ስንገዛ የትምህርት ቤቱን ሬቲንግ እናያለን፣ ሬቲንጉ ካልጣመን እንቀይራለን፣ ከዛ ውጭ ስኩል ቦርድ ስብሰባ ላይ አንታይም፣ የበጀት ወር ሲመጣ ደግሞ ‹‹ታክስ ለምን ጨመረ›› ብለን ብቻ እናማርራለን። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የትምህርት ቤቶቹ መረጃ በአማርኛ ጭምር ይቀርባል እኮ፣ አንጠቀምበትም። የመንግሥት ገንዘብ ለፕራይቬት ክፍያ ይሁን የሚለው የቫውቸር ክርክር አሁን በየስቴቱ እየተነሳ ነው፣ ደጋፊዎቹ ሁሉ ዘረኛ ናቸው አልልም፣ የደከመ ትምህርት ቤት ያስመረራቸው ወላጆችም አሉበት፣ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ይሄ ዓይነት ገንዘብ ያኔ ለምን እንደዋለ ሳያውቁ ድምፅ መስጠት አይገባም። ደግሞ ትምህርት በፌዴራል ሕገ መንግሥት የተጠበቀ መሠረታዊ መብት እንዳልሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ከቴክሳስ በመጣ ክስ ወስኗል። በ1982 ደግሞ፣ ያም ከቴክሳስ ነው፣ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከፐብሊክ ስኩል እንዳይከለከሉ ፈርዷል፣ ከመሃላችን ስንቱ ቤተሰብ የኢሚግሬሽን ኬዙ ሳያልቅ ልጁን ያስተማረው በዚህ ነው። በክስ የተገኘ ነገር በክስም በበጀትም ሊነካ ይችላል፣ ስለዚህ ስብሰባው ላይ መቀመጥ አለብን።

ስለ ጉብኝቱ ራሱ፦ ክፍሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ናቸው፣ ከ1951 ጀምራችሁ 1964 ላይ ትወጣላችሁ። ንባቡ ብዙ ስለሆነ ለሚድል ስኩልና ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች ይሻላል፣ ትንንሾቹን ግን አዳራሹን አሳይታችሁ ታሪኩን በአማርኛ ብትነግሯቸው ይበቃል፣ እናትና አባታችሁን ከወሰዳችሁም አጠገባቸው ሆናችሁ አስተርጉሙላቸው፣ የኔ እናት ከሁላችንም በላይ የተነካችው እሷ ናት። ከሙዚየሙ ስትወጡ ሜይን ስትሪት ላይ ያለውን ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከውጭም ቢሆን እዩት፣ የወላጆቹ ስብሰባ እዚያ ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት የሚከፈትበትን ሰዓት አረጋግጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዕድር በቡድን ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉላቸው፣ ፋርምቪል ድረስ መሄድ ለማይችሉ ሪችመንድ ካፒቶል ግቢ ውስጥ የባርባራና የጓደኞቿ ሐውልት ከ2008 ጀምሮ ቆሟል፣ እሱም በነፃ ነው።