«ገጣጥመው ስጦታ ይስጡ» የሚባለውን ሚስጥራዊ የእንጨት ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ወገኖች፣ የበዓልና የሠርግ ወቅት ሲቃረብ በቴሌግራም መሸጫዎች ላይ አንድ ማስታወቂያ መደጋገም ይጀምራል። «ሚስጥራዊ ሳጥን፣ ሙሉ እንጨት፣ በ12 እንቅስቃሴ የሚከፈት፣ ራስዎ ገጣጥመው ለሚወዱት ሰው የሚሰጡት።» ክፍሎቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ካላንሸራተቱ የማይከፈት ሳጥን ማለት ነው፤ የሚሸጠውም ክፍሎቹ ተቆርጠው በጥቅል ነው። ቀለበት ወይም ሀብል ውስጡ አስቀምጦ መስጠት ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ሰውም የሚታለለው በዚሁ ነው። በጥቅሉ ውስጥ የሚመጣው ግን ከፎቶው ጋር አይገናኝም። ከዚያም የሚብሰው፣ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ አልከፈት ማለቱ ወይም አንዴ ተዘግቶ ስጦታውን ይዞ መቅረቱ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መጀመሪያ ስለ ፎቶው። ባለ ብዙ ቀለም ጥለት፣ ሦስት ማዕዘንና ኮከብ የተሞላ ሳጥን ካያችሁ ምስሉ የጃፓን ነው። በካናጋዋ ግዛት፣ ሃኮኔ በተባለ ተራራማ አካባቢ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሠራ ሂሚትሱ ባኮ የሚባል ሳጥን ነው። ጥለቱ የተቀባ አይደለም። ተፈጥሯዊ መልካቸው የተለያየ እንጨቶች በቀጭኑ ተሰንጥቀው በኮላ ይጣበቃሉ፤ ከተጣበቀው እንጨት ላይ በመላጊያ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ይወጣና ሳጥኑ ላይ ይለጠፋል። እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በርካሽ ጥቅል ውስጥ አይመጣም። የሚመጣው የዚያ ጥለት ኅትመት የተለጠፈበት ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ወይም ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ድርቦች ተጣብቀው የሚሠራ ሰሌዳ) ነው። ለመለየት የስልካችሁን ካሜራ አስጠግታችሁ አጉሉት። ኅትመት ከሆነ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ይታያሉ። «ሙሉ ዋንዛ» ለሚሉትም ጠርዙን ተመልከቱ፦ እውነተኛ ጣውላ ላይ ያለው መስመር ጠርዙን ዞሮ ወደ ጎኑ ይቀጥላል፤ የተለጠፈ ከሆነ መስመሩ ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኤምዲኤፍ ከሆነም ጎኑ እንደ ካርቶን አንድ ዓይነት ቡናማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት። እነዚህ ጥቅሎች የሚቆረጡት በሌዘር ነው፤ ንድፉም የተሠራው ውፍረቱ ልክ 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። ገበያ ላይ 3 ሚሊ ተብሎ የሚሸጠው ኮምፔርሳቶ ግን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ 2.7 ወይም 3.2 ሊሆን ይችላል። አምራቹ ያገኘውን ጣውላ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ፣ ንድፉን ሳያስተካክል ይቆርጣል። ለተራ የእርሳስ ማስቀመጫ ይህ ምንም አይደለም። ሚስጥራዊ ሳጥን ውስጥ ግን አምስት ስድስት ክፍል ተደራርቦ ስለሚንቀሳቀስ ስህተቱ ይደመራል። አምስት ድርብ በ2.7 ሲሆን 1.5 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ የመቆለፊያው ምላስ የሚይዘው 2 ሚሊ ብቻ ከነበረ ግማሽ ሚሊ ብቻ ይቀረዋል፣ ሳጥኑም ሲነቀነቅ ራሱ ይከፈታል። በ3.2 ሲሆን ደግሞ 1 ሚሊ ይተርፋል፤ ክፍሉ አይገባም። ሰው በመዶሻ ሲያስገባው የኮምፔርሳቶው ድርቦች ከማዕዘኑ ይላቀቃሉ። ጥፋቱ የገጣጣሚው ይመስላል፣ ሻጩም እንደዚያ ብሎ ይመልሳል። አይደለም፤ ጥፋቱ ከመቆረጡ በፊት ያለቀ ነው።

ካሊፐር ከሌላችሁ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበቃል። አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ውፍረት አለው። ተንሸራታቹን ክፍል ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ በጎኑ ወረቀት ጨምሩ፦ ሦስት ወይም አራት ወረቀት ከገባ በኋላ ጠበቅ ካለ ልኩ ጥሩ ነው። አንድ እንኳ ካልገባ ይነክሳል፣ ማለትም እየጠበቀ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሰባት ስምንት ከገባ ተወላግዶ ይቀረቀራል።

ሌላው ኮላው ነው። በጥቅሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሱፐር ግሉ ይጨምሩበታል። ለዚህ ሥራ ከዚያ የባሰ የለም፤ ውኃ ያህል ቀጭን ስለሆነ በጠባቡ ክፍተት ተስቦ ይገባና መንቀሳቀስ ያለበትን ክፍል ለዘለዓለም ያጣብቀዋል። ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ በፊት ግን የሚንሸራተተውን ገጽ ሁሉ በሻማ እሹት፤ ኮላ ሰም ላይ አይይዝም፣ ስለዚህ ቢያፈተልክም አያጣብቅም። ከተጣበቀ በኋላ 24 ሰዓት ሳትነኩት ይቆይ። በሌዘር የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ጥላሸቱ ነጭ ጨርቅንም የስጦታ ወረቀትንም ያበላሻል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይሻላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁት ልኩ ይለወጣል። ቫርኒሽም የሚንሸራተት ገጽ ላይ ፈጽሞ አይቀባም።

ማግኔት ያለው ከሆነ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት አትስጡ። እነዚያ ጥቃቅን ብርቱ ማግኔቶች ተላቀው ሁለቱ ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ አንጀቱንም ይበሳሉ። ቀልድ አይደለም።

ዕቃው ሲመጣ ማሸጊያውን ስትፈቱ በቪዲዮ ቅረጹ። ክፍሎቹን ከመመሪያው ጋር ቁጠሩ፤ ግራና ቀኙ ተገላብጦ የተቆረጠ ክፍል በብዛት ያጋጥማል። ከዚያ ያለ ኮላ፣ በወረቀት ፕላስተር ብቻ ይዛችሁ ገጣጥሙትና 20 ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከነከሰ መልሱት። ኮላ ከነካው በኋላ የሚቀበላችሁ ሻጭ የለም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ «ሙሉ እንጨት» የሚለውን ጽሑፍም ቀርጻችሁ አስቀምጡ፤ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹ መብት ነው።

ገንዘቡን ለአናጢ ብትሰጡት የተሻለ ይሆናል። የቤት ዕቃ ከሚሠራበት ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁርጥራጭ በቂ ነው፤ ባህር ዛፍ አይሁን፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ቁርጥራጩ ከመላጉ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ልኩን እንዲህ ብላችሁ እዘዙ፦ ውጩ 14 በ9 በ7 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳው 10 ሚሊ፣ የክዳኑ ቦይ ጥልቀቱ 4 ሚሊ፣ ስፋቱ 5 ሚሊ። የክዳኑ ጠርዝ ውፍረት 4.6 ይሁን። ከአንዱ ቦይ ውስጠኛ ጫፍ እስከ ሌላው ቦይ ውስጠኛ ጫፍ 78 ሚሊ ስለሚኖር ክዳኑ 77 ሚሊ ይቆረጥ። አንደኛው የጫፍ ግድግዳ ከሌሎቹ በ10 ሚሊ ያጥርና ከሥሩ ባለ 10 በ10 ዘንግ ላይ ይቀመጥ። ዘንጉ ወደ ጎን ሲሳብ ግድግዳው ይወርዳል፣ ግድግዳው ሲወርድ ክዳኑ ተንሸራቶ ይወጣል። ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፣ ግን ለማያውቀው ሰው በቂ ምርምር ነው። ግድግዳው የሚወርድበት ቦይ ከታች እስከ ጫፍ አይዝለቅ፣ አለዚያ ተንሸራቶ ይወድቃል።

ያቺን 1 ሚሊ ክፍተት አናጢው «ላጥብቃት» ቢል እሺ አትበሉ። እንጨት በቁመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፣ በስፋቱ ግን ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱ በ4 ከመቶ ሲለወጥ 1 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀሳል። በጥር ደርቆ የተሠራ ጥብቅ ክዳን ሐምሌ ላይ አይከፈትም። በክረምት ከተሠራ ግማሽ ሚሊ ይበቃዋል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መኮማተር እንጂ መነፋት የለም። በሰው እጅ ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚላክ ከሆነም ይህን አስቡ፤ በበረዶ ወራት ማሞቂያ ያለበት ቤት አየሩ በጣም ደረቅ ነው፣ የታችኛው ወለል ዙሪያውን በኮላ ከታሰረ ይሰነጠቃል። ወለሉ ቦይ ውስጥ ሳይጣበቅ ይቀመጥ።

ገዝታችሁ የገጣጠማችሁት ካለ፣ ስጦታውን ከማስገባታችሁ በፊት ከሥሩ፣ በመቆለፊያው ትክክል፣ 2 ሚሊ ቀዳዳ ብሱና በስቴኪኒ ቁራጭ ድፈኑት። ቢቆለፍባችሁ ስቴኪኒውን አውጥታችሁ ቀጭን ሽቦ በማስገባት መቆለፊያውን ትገፋላችሁ፤ ሳጥኑን መስበር አያስፈልግም።