ማስጠንቀቂያ፦ ሐዋሳ ላይ ያገለገለ ኮርሳ ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ያገለገለ ኮርሳ (ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ዓይነት ሳይክል) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይም ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ኮብል ስቶን የተነጠፈበት ሰፈር የምትኖሩ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከውጭ የሚገቡት ቀጭን ጎማ ኮርሳዎች «ቀላል ነው፣ የአውሮፓ ዕቃ ነው፣ አይሰበርም» እየተባሉ ይሸጣሉ። ጥፋቱ ማርጀታቸው አይደለም፤ 30 ዓመት ሠርቶ ዛሬም የሚያምር የብረት ሳይክል አለ። ጥፋቱ ብዙዎቹ ለእኛ ሰፈር መንገድ የሚሆን ጎማ የማይገባባቸው መሆኑና ሻጩ ይህን እያወቀ ዝም ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የጎማውን ጎን አንብቡ። 700×23 ወይም 23-622 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 23 የጎማው ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው፤ 622 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ኮብል ስቶን ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ አናቱ እኩል አይሆንም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ በክረምት ጎርፍ ሲታጠብ ደግሞ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ድንጋዩም ይነቃነቃል። በ23 ጎማ እዚህ ላይ ለመንዳት ከ7 እስከ 8 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ንፋስ መሙላት አለባችሁ። ያን ያህል የተነፋ ጎማ ግን ምንም አይተጣጠፍም፤ እያንዳንዱ ግጭት በቀጥታ ወደ ቸርኬው፣ ወደ ራጂው (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጭን ሽቦዎች)፣ ወደ መሪውና ወደ አንጓችሁ ይሄዳል። ንፋሱን ስትቀንሱት ደግሞ የውስጡ ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይበሳል። ጎሚስታው ሁለት የተጣመሩ ቀዳዳዎች ካሳያችሁ ሚስማር አልወጋችሁም፣ ጎማው ቀጥኖባችሁ ነው። ባጭሩ 23 ጎማ ኮብል ስቶን ላይ ትክክለኛ ንፋስ የለውም፤ ቢሞላም ይጎዳል፣ ቢቀንስም ይበሳል።

28 ጎማ ሲሆን 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ5 ባር ገደማ፣ 32 ሲሆን ደግሞ በ4 ባር ገደማ ይነዳል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ከ1896 ጀምሮ በፈረንሳይ በሚካሄደውና ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ ንጣፍ ባለው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ላይ የዓለም ምርጥ ጋላቢዎች እንኳ ዛሬ የሚጠቀሙት 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ነው። ስለዚህ «ቀጭን ጎማ የባለሙያ ነው» የሚላችሁን አትስሙት።

ሻጩ ይህን ስትነግሩት የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፦ «ወፍራም ጎማ ግዛና ቀይረው»። ትልቁ ማታለያ እዚህ ላይ ነው። የጎማ ውፍረት የሚወሰነው በቴላዮው (በሳይክሉ የቱቦ አካል) እና በፍሬኑ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ጎሚስታ አይለውጣቸውም። ፍሬኑ ከተሰቀለበት ቡሎን መሃል እስከ ፍሬኑ ላስቲክ መሃል ለኩ። ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ አጭር ፍሬን ነው፤ 25 ይይዛል፣ 28 አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። ከ47 እስከ 57 የሆነው ረጅም ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ 32 ያስገባል። ቀጥሎ ባለ 4 ሚሊ መፍቻ ይዛችሁ ሦስት ቦታ በጎማውና በአካሉ መካከል አስገቡ፦ ከፍሬኑ ሥር፣ ከፊት ሹካው እግሮች መካከል፣ እና ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች መካከል። መፍቻው በሁሉም ጎን ካላለፈ አይሆንም። አንዳንዱ ሻጭ 28 ጎማ በግድ አስገብቶ «ለኮብል ስቶን የተዘጋጀ» ይላል። ቸርኬው በሁለት ሚሊ ሲጎብጥ ቴላዮውን መፋቅ ይጀምራል፤ በክረምት ጭቃ ሲገባበት ደግሞ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከዚህ የከፋው የሚለጠፍ ጎማ ነው። የውድድር ኮርሳ ሆኖ የመጣ ሳይክል ላይ የውስጡ ጎማ በውጨኛው ውስጥ ተሰፍቶ፣ ጎማው በሙጫ ቸርኬው ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ሲበሳ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ተለጥፎ፣ እንደገና ተሰፍቶ ነው የሚመለሰው። ቸርኬውም ተራ ጎማ የሚይዝበት ጠርዝ ስለሌለው ቸርኬውን ካልቀየራችሁ ተራ ጎማ አይገባበትም። መለየቱ ቀላል ነው፤ ንፋሱን አውጥታችሁ የጎማውን ጎን በአውራ ጣት ግፉት። ተራ ጎማ ከሆነ ጠርዙ ከቸርኬው ይላቀቃል፣ ውስጡም ይታያል። ተጣብቆ ከቀረና ከሥሩ ጨርቅ ካያችሁ ተዉት።

ጎማው 27 ኢንች የሚል ከሆነም ተጠንቀቁ። የ27 ቸርኬ 630 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ700 ደግሞ 622፤ በዓይን አንድ ይመስላሉ፣ የአንዱ ጎማ ለሌላው ግን በምንም አይሆንም። የጎማው ላይ ፀጉር አለመርገፉም አዲስነቱን አያሳይም። ሳይነዳ መጋዘን የከረመ ጎማ ይደርቃል፤ ጎኑን እጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

ቸርኬው ላይ ፍሬኑ የሚይዝበትን ገጽ በቀጥ ያለ ማስመሪያ ፈትሹ። መሃሉ ሰርጉዶ ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ካለፈ ግድግዳው ሳስቷል፤ ብዙ ንፋስ ሲሞላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ራጂዎቹን በጣት ንኩ፤ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። 20 ወይም 24 ራጂ ያለው ቸርኬ ያምራል፤ አንዱ ሲበጠስ ግን ጎብጦ ፍሬን ውስጥ ይቀረቀራል። ለዚህ መንገድ 32 ወይም 36 ራጂ ያለውን ምረጡ። «ቸርኬው ቢሰበር የማውንቴን ሳይክል እናስገባለን» የሚል ምክርም አትቀበሉ፤ የኋላው ቸርኬ መቀመጫ ስፋት በኮርሳ 126 ወይም 130 ሚሊ ሜትር፣ በማውንቴን ብዙውን ጊዜ 135 ነው።

ቴላዮው ላይ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለምን ተቀባ ብላችሁ ጠይቁ። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ሁሉ በስስ ጨርቅ ጥረጉ፤ ስንጥቅ ካለ ክሩን ይይዘዋል። ብረት ከሆነ ጥሩ በያጅ ይሠራዋል። አሉሚኒየም ግን በተራ ብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣልና የተበየደ አሉሚኒየም አትግዙ። ካርቦን ደግሞ ውስጡ ተጎድቶ ውጪው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ በሳንቲም ሲመታ የደነዘዘ ድምፅ ያለበት ቦታ መጥፎ ምልክት ነው፣ ጥሩ ድምፅ መስጠቱ ግን ደህንነቱን አያረጋግጥም። ታሪኩን የማታውቁት ካርቦን ከሆነ የእኔ ምክር አትግዙ ነው።

የመሪውን ኩሽኔታ ለማየት የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉ፤ ከተንኳኳ ላልቷል፣ ይህ በማጥበቅ ይስተካከላል። የፊቱን ጎማ አንስታችሁ መሪውን በቀስታ ስታዞሩ መሃል ላይ ጠቅ ብሎ የሚያዝ ከሆነ ግን የኩሽኔታው መንገድ ተቆርቁሯል፤ መቀየር አለበት። ካቴናውን ደግሞ ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ ቀጣዮቹን 24 ፒኖች ቁጠሩና እስከ መጨረሻው ፒን መሃል ለኩ፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 308 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል፣ የሁለቱን ዋጋ ከሒሳቡ ቀንሱ። ለማርሽ ብዛት ብላችሁ ግን ገንዘብ አትጨምሩ፤ ወደ ታቦር ተራራ ካልወጣችሁ በቀር ሐዋሳ ሜዳ ናት።

ሙከራውን ሻጩ በመረጠው አስፋልት ላይ ብቻ አታድርጉ። ጠንክሮ የተነፋ ቀጭን ጎማ ሐይቅ ዳር አስፋልት ላይ ይበርራል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚያ ነው። ኮብል ስቶን ላይ 10 ደቂቃ ንዱ፣ ከዚያ ራጂውንና የመሪውን ኩሽኔታ እንደገና ፈትሹ። ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያቱን ያውቀዋል። ከፔዳሉ ሥር የተቀረጸው የቴላዮ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ራቁ። የሚገባው ትልቁ የጎማ ቁጥርም እዚያው ላይ ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

አስቀድማችሁ ለገዛችሁ ደግሞ፦ የሚገባውን ትልቁን ጎማ አስገቡ፣ ንፋሱን በመለኪያ ሙሉ፣ ፊቱን ከኋላው ትንሽ ቀንሱ። ቫልቮላው ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የመኪና ፖምፓ አይነፋውምና ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ያዙ። ከ25 በላይ የማይገባበት ከሆነ አስፋልት ላይ ንዱት፤ ኮብል ስቶኑ ላይ ወርዳችሁ ግፉት።