ደሴ ያላችሁ ሴቶች፣ ይቺን ልጅ ልጠቁማችሁ

ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም፤ የራሴንም አልጽፍም፣ ምክንያቱ ይገባችኋል። ደሴ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሐኪሙንም ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም በአንድ ቦታ የምታገኝበት «አንድ ማዕከል» የሚባለው ጋ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ናት።

ባለቤቴ በመታኝ ቁጥር ሽማግሌ ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስቴም «ቻዪው» ተብዬ ተመልሻለሁ። እሷ ግን እንባዬን እንኳ ሳልጠርግ «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» አለችኝ። ልጆቼን ጥዬ የትም አልሄድም፣ እመለሳለሁ አልኳት። አልተቆጣችኝም። «አብሽሪ፣ እንግዲያው ቤትሽን ሳዪልኝ» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በሩ ወዴት ይከፈታል? ማታ ማን ይቆልፈዋል? ጠብ ሲነሳ ቢላዋ ካለበት ማድቤት ራቂ፣ በሩ አጠገብ ሁኚ አለችኝ። መታወቂያዬን፣ የጋብቻ ወረቀቴን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የባንክ ደብተሬን ቀስ በቀስ አውጥቼ ጎረቤቴ ዘንድ፣ የዱቄት በርሜሏ ሥር አስቀመጥኩ። ከጎረቤቴ ጋርም አንድ ቃል ተነጋገርን፤ «እርሾ»።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የ8 ዓመቷ ልጄ ኩባያ ይዛ ወጣች፤ «እማዬ እርሾ ስጡኝ ብላለች።» በዚያ ሰዓት ማን ሊጥ ያቦካል! ጎረቤቴ ኩባያውን ተቀብላ ልጄን ወደ ውስጥ አስገባቻትና ለፖሊስ ደወለች።

በማግስቱ ባለሙያዋ ቀድማ የወሰደችኝ ሐኪም ጋ ነው። በፊት ሰምበሩ በጠፋ ቁጥር ማስረጃዬም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ አሁን በወረቀት አለ። አንዱ «የባልና ሚስት ነገር አይደል እንዴ» ሲል የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ጠቀሰችለት፤ ሚስትን መምታት ወንጀል ነው ብላ። ዝም አለ።

ተገድዶ መደፈር ካለበት ሳትታጠቡ ሂዱ፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ወረፋው ያሰለቻል፣ አልዋሽም፤ ግን አንድ ብር አልከፈልኩም።

የኔ እናት፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። እናንተ ደግሞ ስልካችሁን የሚፈትሽባችሁ ካለ፣ ይቺን አንብባችሁ ስትጨርሱ አጥፏት።