አዲስ ፊኒክስ ብስክሌት ለጅማ መንገድ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ከሱቅ እንደወጣ ወዲያው የሚነዳ አይደለም። የሻንጋዩ ፊኒክስ ሥሩ እስከ 1897 እ.ኤ.አ. የሚመዘዝ ስም ነው። ባለ 28 ኢንች ጎማው ጥቁሩ ሞዴል ያው የድሮው ነው፦ ወፍራም ብረት፣ ማርሽ የሌለው፣ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ፣ ከኋላ ጭነት ቻይ።

ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው የሚሠራው። ዘንጉ ላስቲኮቹን ወደ ላይ ስቦ ከቸርኬው የውስጥ ጎን ጋር ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ቸርኬው ክብነቱን ጥቂት እንኳ ካጣ ፍሬኑ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ሲገዙ ጎማውን ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩት፤ በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። የቸርኬው ክሮም ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት በጅማ ክረምት ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ነው።

ዋናው ጣጣ የፔዳሉ ክንድ ላይ ነው። ክንዱን ከመሃል ዘንጉ ጋር የሚያስረው ትንሽዬ የብረት ካስማ ናት፤ ዳዶዋን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ከሥር በብረት ደግፎ በመዶሻ ማስገባት፣ ከዚያ ዳዶውን ማሰር፣ ከሳምንት በኋላም መድገም ያስፈልጋል። ስትላላ በየዙሩ ቋ ትላለች፤ እንዲያው ከተነዳ ካስማዋ ትበላለች።

ሰንሰለቱ መሃል ላይ ሲነካ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ይላወስ። ኩሽኔታዎቹ ሰኔ ሳይገባ ተከፍተው ግራሶ ይሞሉ።

የጅሬንን ዳገት በየቀኑ ለሚወጣ ሰው አንመክረውም፤ እሱ ማርሽ ያለው ይግዛ። መሃል ከተማ ለሚመላለስ ግን እጅግ ይስማማል።