በአሮጌ የስልክ ገመድ ላይ የተዘረጋ ኢተርኔት፦ ከኅዳር እስከ ክረምት ማብቂያ የተፈተነ የኢኤፍኤም ሞደም

ድርጅታችን በደብረ ብርሃን ዳርቻ የወተት ከብቶች እርባታና የመኖ ማቀነባበሪያ አለው። ቢሮው በአስፋልቱ በኩል ካለው መግቢያ በር አጠገብ ሲሆን፣ የመኖ መጋዘኑና የጭነት ሚዛኑ ከበረቶቹ ጀርባ፣ በገመድ ርዝመት ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት ራቅ ብለው ይገኛሉ። ተራው የኢተርኔት ገመድ የሚያገለግለው እስከ 100 ሜትር ብቻ ነው። ፋይበር ለመቅበር መሬቱ ዐለታማ በመሆኑ የቁፋሮው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ በለጠብን፤ በአንቴና እንዳናገናኝ ደግሞ መካከል ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ይጋርዳል። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል ለውስጥ ስልክ ተብሎ የተቀበረ፣ አብዛኛው ሥራ የፈታ ባለ 10 ጥንድ የመዳብ ገመድ ነበረን። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር አራት ጥንድ የሚቀበሉ ሁለት የኤስኤችዲኤስኤል ኢኤፍኤም ሞደሞች (ኢተርኔትን በስልክ ሽቦ ላይ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች) ገዝተን በሁለቱ ጫፎች ተከልናቸው።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀውን፣ አይትሪፕልኢ (ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር) ያወጣውን 802.3ኤኤች የተባለ ደረጃ ነው። ደረጃው በአንድ ጥንድ እስከ 2.7 ኪሎ ሜትር ድረስ ቢያንስ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፤ ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ፍጥነቱ እያደገ ወደ 5.7 ይደርሳል። ሞደሙ መረጃውን ቆራርጦ በአራቱ ጥንዶች ላይ ያከፋፍለዋል፣ በማዶው ጫፍ ያለውም መልሶ ይገጣጥመዋል። በእኛ ርቀት አራቱ ተደምረው ወደ 22 ሜጋቢት ይሰጣሉ፤ ይህም በመላክም በመቀበልም እኩል ነው። ከምንም በላይ የጠቀመን ይህ እኩልነት ነው፤ ምክንያቱም የካሜራው ምስልም ሆነ የሚዛኑ መዝገብ የሚጓዘው ከመጋዘኑ ወደ ቢሮው ነው። ለመላኪያ ጥቂት ብቻ የሚተው ኤዲኤስኤል የተባለው የስልክ መስመር ኢንተርኔት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይበቃም። በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራው የሒሳብ ሠራተኛችን አሁን የመጋዘኑን ወጪና ገቢ በዕለቱ ይመዘግባል።

መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ግን የአገልግሎቱ ጥራት ከሣጥኑ ይልቅ በሽቦው የሚወሰን መሆኑ ነው። በተከላው ዕለት ሦስቱ ጥንዶች ወዲያው ሲያያዙ አራተኛው እየተያያዘ ይቋረጥ ነበር። ቴክኒሽያናችን በመካከል ያለውን የማከፋፈያ ሣጥን ሲከፍት፣ ገመዱ በተቀጠለበት ዘመን ቡናማው ሽቦ ከራሱ ነጭ ጋር መሄድ ሲገባው ከግራጫው ጥንድ ነጭ ጋር ተጣምሮ አገኘው። ለድምፅ ስልክ እንዲህ ያለው መቀላቀል አይታወቅም፤ ሰው ይደዋወላል፣ ይሰማማል። በኦም ሜትር ቢለካም ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚደርስ ደህና ይመስላል። ነገር ግን የጎረቤት ጥንድ ጣልቃ ገብነት የሚከሽፈው ሁለቱ ሽቦዎች አብረው የተጠማዘዙ ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦዎቹ ከተለያዩ ጥንዶች የመጡ ጥንድ የሌሎቹን ምልክት ሁሉ ይሰበስባል። ሽቦዎቹ በየቦታቸው ሲመለሱ አራተኛውም ከሌሎቹ ጋር እኩል ፍጥነት ያዘ። ሞደም በማይረባ መስመር ላይ ተክሎ «ዕቃው አይሠራም» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

የታኅሣሥና የጥር ውርጭ ምንም አላመጣም፤ የተቀበረ ገመድ ለብርድ እምብዛም አይጋለጥም። የፈተነን የሐምሌ ዝናብ ነው። በሞደሙ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚታየው ማርጂን (ምልክቱ ከመስመሩ ረብሻ በላይ ያለው ትርፍ) በሁለተኛው ጥንድ ላይ ከ6 ዴሲቤል በታች እየወረደ ቆይቶ በመጨረሻ ጥንዱ ተቋረጠ። ፍጥነቱ ወደ 17 ሜጋቢት ቢወርድም ግንኙነቱ ግን ለአፍታም አልተቋረጠም፤ ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ልጅም ስንጠይቀው ምንም አላወቀም። መጋጠሚያው ሲከፈት ውሃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ቴክኒሽያኑ የዛገውን ቆርጦ ጄል ባለው ማገናኛ ቀጠለውና አሸገው።

ደጋማ አካባቢያችን መብረቅ ስለሚበዛበት በሁለቱም ጫፎች የመብረቅ መከላከያና ደህና አድርጎ የተቀበረ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ) ግድ ነው። በግንቦት አንድ ማታ የወረደ መብረቅ የአንዱን ጥንድ መከላከያ አቃጥሎ ሞደሙን አልነካውም፤ ርካሹን ክፍል ለውጠን ቀጠልን።

ቅሬታም አለኝ። የማስተካከያው ገጽ የተዘበራረቀ ነው፤ የትኛው ሞደም አዛዥ፣ የትኛው ታዛዥ እንደሚሆን በእጅ ካልተወሰነ መስመሩ ጨርሶ አይነሳም፤ መመሪያውም ይህን በጉልህ አያስቀምጥም። ስልክም በዚያው ጥንድ ላይ አብሮ አይሠራም፤ ኤስኤችዲኤስኤል የድምፁንም ክልል ጭምር ይይዘዋልና። ካሜራ የሚያበዛ ወይም ከ20 ሜጋቢት በላይ የሚፈልግ ሰው ወጪውን ችሎ ፋይበር ቢዘረጋ ይሻለዋል። እኛ ግን ከ10ሩ ጥንድ አራቱን ለሞደሙ፣ ሦስቱን ለስልክ ካዋልን በኋላ፣ የቀሩትን ሦስቱን ለተተኪነት ለክተን ምልክት አድርገንባቸዋል።